ያቀናበራችሁት ፎቶ ለምን «የተለጠፈ» ይመስላል? ታንኳ በሲኒ ቡና ላይ እያንሳፈፍን እንየው

ዝሆን በሻይ ብርጭቆ ሲታጠብ፣ ሰው ጃንጥላ ይዞ በደመና ላይ ሲራመድ... ሐሳቡ ግሩም ነው። ሠርታችሁ ስትጨርሱት ግን በመቀስ ተቆርጦ በሙጫ የተለጠፈ ይመስላል። ያየው ሁሉ «ፎቶሾፕ ነው» ይላል። አልተሳሳተም።

ብዙዎች ጥፋቱን አቆራረጣቸው ላይ ይፈልጉታል። ጠርዙን ደግመው ደጋግመው ያጠራሉ፣ ብሩሽ ይቀይራሉ፣ አዲስ ቪዲዮ ያያሉ። እኔም ረጅም ጊዜ እንደዚያ ስደክም ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሥራው የሚበላሸው ሶፍትዌሩ ገና ሳይከፈት ነው። ሁለቱ ፎቶዎች ከተለያየ ከፍታና በተለያየ ብርሃን ከተነሱ የትኛውም ብሩሽ አያስታርቃቸውም።

ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግማሽ የሚያልቀው ካሜራ ላይ ነው። የምንሠራው አንድ ምስል ነው፦ ከደንገል የተሠራ የጣና ታንኳ ከነቀዛፊው በአንድ ሲኒ ቡና ላይ ሲንሳፈፍ፣ የቡናው እንፋሎት ደግሞ ከላይ ደመና ሲሆን።

የሚያስፈልጋችሁ

ስልክ፣ ሲኒ፣ ቡና፣ ጥቁር ጨርቅ፣ እጣን፣ ኮምፒውተር። ትእዛዞቹን በፎቶሾፕ ስም እጠራለሁ። ፎቶሾፕ ከሌላችሁ ፎቶፒ በብራውዘር ውስጥ በነጻ ይሠራል፤ ሜኑውና አቋራጭ ቁልፎቹም በጣም ይመሳሰላሉ። በጂምፕም ይቻላል፣ ግን የሜኑ ስሞቹ ይለያያሉ። ማክ የምትጠቀሙ ኮንትሮል ባልኩበት ኮማንድ፣ አልት ባልኩበት ኦፕሽን ንኩ።

## ደረጃ 1፦ ማስተካከል የማትችሉትን ፎቶ አስቀድሙ

ሲኒውን ቤታችሁ እንደፈለጋችሁ ታዞሩታላችሁ። ታንኳውን አትችሉም። ስለዚህ መጀመሪያ የታንኳውን ፎቶ ያዙ፤ ሲኒውን ለእሱ እንዲስማማ አድርጋችሁ ታነሱታላችሁ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ለሲኒያችሁ የሚሆን ታንኳ ፍለጋ ሳምንት ትባዝናላችሁ።

1. ባሕር ዳር ያላችሁ ራሳችሁ አንሱ። ቀዛፊውን አስፈቅዱ። ትልቅ ጀልባ ላይ ሆናችሁ ከላይ ወደ ታች ብታነሱ ይመረጣል።
2. ባሕር ዳር ያለ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ በሉት። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ የደንገሉ ጫፍ ይደበዝዛል፤ ስትቆርጡት ፍዳችሁን ታያላችሁ።
3. ከኢንተርኔት የምትወስዱ ከሆነ ፈቃዱን አንብቡ። ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ ከየፎቶው ሥር ተጽፏል። በፍለጋ የተገኘ ፎቶ ሁሉ ነጻ አይደለም።
4. ታንኳው ብቻውን ቢያንስ 1000 ፒክስል ስፋት ይኑረው። ትንሹን ፎቶ በኋላ መለጠጥ አያዋጣም።

## ደረጃ 2፦ ከፍታና ርቀት አስሉ

መጀመሪያ ስሠራው ሲኒውን ልክ ከአናቱ አነሳሁት፣ የካፌ ፎቶዎች እንደሚነሱት። ታንኳው ደግሞ ከጎን የተነሳ ነበር። ቀላቅዬ ለእህቴ አሳየኋት። ትንሽ አየችውና «ታንኳው ተኝቷል ወይስ ቆሟል?» አለችኝ። ሁለት ሌሊት የሠራሁት ሥራ በአንድ ጥያቄ ወደቀ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ካሜራው ከውሃው በላይ ያለውን ከፍታ ከታንኳው ለነበረው ርቀት አካፍሉ። ሲኒውን ስታነሱም ያው ውጤት ይምጣ።

ለምሳሌ ከውሃው 3 ሜትር ከፍ ብላችሁ፣ 10 ሜትር ርቆ ያለ ታንኳ አነሳችሁ እንበል። 3 ለ10 ነው። እንግዲህ ከሲኒው 50 ሳንቲሜትር ከራቃችሁ ስልኩ ከሲኒው አፍ 15 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል። 15 ለ50፣ ያው 3 ለ10።

ትክክል መሆኑን ፎቶው ላይ ለኩ። በዚህ ከፍታ የሲኒው አፍ ክብ ሆኖ አይታይም፤ የተጋደመ እንቁላል ይመስላል። ስፋቱ 1000 ፒክስል ከሆነ ቁመቱ 290 አካባቢ መሆን አለበት። 600 ከሆነ ስልካችሁ በጣም ከፍ ብሏል። 100 ከሆነ ደግሞ ዝቅ ብሏል።

ታንኳውን ያነሳው ሌላ ሰው ከሆነስ? የአድማሱን መስመር ፈልጉ። ወለል ባለ ውሃ ላይ የአድማሱ መስመር የሚያርፈው በካሜራው ከፍታ ልክ ነው። መስመሩ በቀዛፊው አናት በኩል ካለፈ ካሜራው በአናቱ ከፍታ ነበር። ከውሃው እስከ አናቱ ያለውን ቁመት ሦስት እጥፍ ካከለ ካሜራውም ሦስት እጥፍ ከፍ ብሎ ነበር ማለት ነው። አድማሱ ተቆርጦ ከወጣ መገመት ነው ያለው፦ ስልኩን መጽሐፍ ላይ አስደግፉ፣ መጽሐፍ እየደረባችሁ በ5፣ በ10፣ በ15፣ በ20 ሳንቲሜትር ከፍታ አንሱ፣ በኋላ ታንኳው ደልቶት የሚቀመጥበትን ምረጡ። የእኔ ምርጫ ሁሌም ይኸኛው ነው። ሂሳቡን ብሠራም መጽሐፉን እደርባለሁ።

## ደረጃ 3፦ ብርሃኑን አንብቡ

የታንኳውን ፎቶ ከፍታችሁ ሦስት ነገር ጻፉ፦

- ጥላው ወዴት ወድቋል? የቀዛፊው ጥላ ወደ ቀኝ ከወደቀ ፀሐይዋ ከግራ ናት። የሲኒውም ብርሃን ከግራ ይምጣ።
- የጥላው ጠርዝ ስል ነው ወይስ የደበዘዘ? ስል ከሆነ ሲኒውን ፀሐይ ላይ አውጡት። ደመናማ ቀን የተነሳ ከሆነ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት አንሱት።
- ጥላው ረጅም ነው ወይስ አጭር? ረጅም ከሆነ ጠዋት ወይም አመሻሽ ነው። ሲኒውንም በዚያው ሰዓት አንሱ።

የብርሃኑ ቀለም ቢለያይ አታስቡ፤ እሱ በኋላ ይስተካከላል። አቅጣጫው ግን አይስተካከልም። «ፎቶውን ወደ ጎን ገልብጬ አቅጣጫውን እቀይራለሁ» የምትሉ፣ ቀዛፊው ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት እንዳልለበሰ እዩ።

## ደረጃ 4፦ ሲኒውን አንሱ

1. ያጌጠ ሲኒ ምረጡ። ተመልካች ሲኒ መሆኑን ወዲያው ካላወቀ ታንኳው ትንሽ መሆኑ አይገባውም፤ ቀልዱም ይጠፋል።
2. ቡናውን እስከ ከንፈሩ 3 ሚሊሜትር እስኪቀር ሙሉ። ጎደል ካለ የፊቱ ከንፈር ቡናውን ይጋርደዋል፣ ታንኳው ማረፊያ ያጣል። ለፎቶ ሙሉ ነው የሚሻለው።
3. የላይኛው አረፋ እስኪጠፋ ጠብቁ። አረፋው ከታንኳው ጋር ሲተያይ እንደ ድንጋይ ይገዝፋል።
4. የስልኩን «ፖርትሬት» አጥፉ። የውሸት ድብዘዛ የሲኒውን ከንፈር ይበላዋል። ራቅ ብላችሁ በ2 እጥፍ ዙም አንሱ።
5. ሲኒውን ከፍሬሙ ወደ ታች አድርጉት። ከላይ ለደመናው ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ጀርባው ጠቆር ያለ ይሁን፤ እንፋሎት በነጭ ግድግዳ ላይ አይታይም።

ስልኩን ሳታንቀሳቅሱ አንድ ተጨማሪ ፎቶ አንሱ፦ በስንደዶ ወይም በጥርስ መጎርጎሪያ ቡናውን መሐሉ ላይ ነካ አድርጋችሁ ቀለበት ሲሠራ። ይጠቅማችኋል።

## ደረጃ 5፦ የእጣን ጭስ

የእውነተኛ ቡና እንፋሎት በካሜራ እምብዛም አይያዝም። የእጣን ጭስ ግን ይያዛል።

ጥቁር ጨርቅ ስቀሉ። ማጨሻውን ከጨርቁ ግማሽ ሜትር ያህል አርቁት። መብራት ከጎን ወይም ትንሽ ከኋላ በኩል ይምታው፣ ጨርቁን ግን አይንካ። 30 ያህል ፎቶ አንሱ፤ ሁለት ሦስቱ ይሆናሉ። መስኮት ክፈቱ፣ ደግሞ ጨርቁን ከፍሙ ራቅ አድርጉ።

## ደረጃ 6፦ ፋይሉን አዘጋጁ

የሲኒውን ፎቶ ክፈቱ። ታንኳውን አስገቡና መጠኑን ከመንካታችሁ በፊት ወደ ስማርት ኦብጀክት (ዋናውን ፎቶ ሳይነካ የሚይዝ ሌየር) ቀይሩት፤ አሳንሳችሁ መልሳችሁ ብታሳድጉት ጥራቱ አይሞትም።

መብራት ሊጠፋ ይችላል። ፎቶሾፕ ራሱ በየ10 ደቂቃው መጠባበቂያ ይይዛል፤ በፕሪፈረንስ ውስጥ ወደ 5 ዝቅ አድርጉት። በዚያ ላይ ዋና ዋናውን ሥራ በጨረሳችሁ ቁጥር በአዲስ ስም አስቀምጡ፦ ታንኳ 1፣ ታንኳ 2፣ ታንኳ 3። አንድ ፋይል ላይ ብቻ የምታስቀምጡ ከሆነ ትናንት ያበላሻችሁትን ዛሬ አትመልሱትም።

## ደረጃ 7፦ ታንኳውን ቁረጡ

ኢሬዘር አትንኩ። ማስክ (ፒክስሉን ሳያጠፋ የሚደብቅ ሽፋን) ብቻ። በኢሬዘር የጠፋ ፒክስል ፋይሉን ከዘጋችሁ በኋላ አይመለስም፤ በማስክ የተደበቀ ግን በነጭ ብሩሽ ይመለሳል።

1. የታንኳውን አካልና የቀዛፊውን ሰውነት በፔን ቱል ዙሩ። አሰልቺ ነው። ሌላ መንገድ ግን እንዲህ ንጹሕ ጠርዝ አይሰጥም። ከጠርዙ 1 ፒክስል ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ ዙሩ።
2. ፓዙን (በፔን የዞራችሁትን መስመር) ወደ ሴሌክሽን (ምርጫ) ቀይሩ፣ ፌዘር (ጠርዝ ማለስለሻ) 0.5 ስጡ፣ የማስክ ምልክቱን ንኩ።
3. የደንገሉ ጫፎች እንደ ፀጉር የተበተኑ ናቸው። እነሱን በፔን አትሞክሩ። ማስኩ ላይ ሆናችሁ 2 ወይም 3 ፒክስል በሆነ ነጭ ብሩሽ፣ እያንዳንዱን ጭረት ደንገሉ በሚሄድበት አቅጣጫ ቀቡ። ሁሉንም አታወጡትም። አሥር አሥራ አምስቱ በቂ ነው፤ ዓይን የቀረውን ራሱ ይሞላዋል።
4. መቅዘፊያው ውሃ ውስጥ የገባበትን ጫፍ በለስላሳ ብሩሽ አደብዝዙ።

ዙሪያውን ሰማያዊ ወይም ግራጫ መስመር ከቀረ፦ ማስኩን መርጣችሁ ፊልተር፣ አዘር፣ ሚኒመም፣ 1 ፒክስል። ጠርዙ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። አሁንም ካለ አዲስ ሌየር (ከላይ የሚደረብ ንብርብር) ከታንኳው በላይ ክፈቱ፣ ኮንትሮል፣ አልት እና ጂ ተጭናችሁ ክሊፕ አድርጉት (ከሥሩ ባለው ሌየር ላይ ብቻ እንዲሠራ)፣ ሞዱን (ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሐድበትን መንገድ) ከለር በሉት፣ ከደንገሉ ቡናማ ወስዳችሁ ጠርዙን ቀቡ።

## ደረጃ 8፦ መጠንና ቦታ

ኮንትሮል እና ቲ። ታንኳውን የሲኒው አፍ ሲሶ እስኪሆን አሳንሱት። ሁሉም ሰው የሚሳሳተው አስበልጦ ነው፤ ቀዛፊው ጎልቶ እንዲታይ ይፈልጋል። ሲኒውን ከሞላው ግን ሐይቅነቱ ይቀራል፤ ገንዳ ይሆናል።

ልክ መሐል ላይ አታድርጉት። ወደ አንድ ጎን ፈቀቅ አድርጉና የሚሄድበት አቅጣጫ ክፍት ይሁን።

## ደረጃ 9፦ ከቡናው ጋር አገናኙት

የተለጠፈ የሚመስለውና ያረፈ የሚመስለው የሚለዩት እዚህ ነው። ጊዜያችሁን እዚህ አፍስሱ። አራት ነገር ትጨምራላችሁ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል።

ሀ. የንክኪ ጥላ። ከታንኳው ሌየር በታች አዲስ ሌየር፣ ሞዱ መልቲፕላይ። ከቡናው ራሱ በጣም ጥቁሩን ቡናማ ውሰዱ። ንጹሕ ጥቁር አትጠቀሙ። ታንኳው ቡናውን በሚነካበት መስመር 3 ወይም 4 ፒክስል ስፋት ያለው ቀጭን ጥላ ሳሉ። ይህን ብቻ ጨርሳችሁ ሌየሩን አጥፍታችሁ አብሩት። ሲጠፋ ታንኳው ይነሳል፣ ሲበራ ይቀመጣል።

ለ. የፀሐይ ጥላ። ሌላ መልቲፕላይ ሌየር። በደረጃ 3 በጻፋችሁት አቅጣጫ ይውደቅ። ቡና ጥቁር ስለሆነ ይህ ጥላ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ኦፓሲቲው (የሌየሩ ድምቀት) ከ30 ከመቶ አይለፍ።

ሐ. ነጸብራቅ። ቡና እንደ ጥቁር መስተዋት ያንጸባርቃል፤ ስለዚህ ነጸብራቅ ከሌለ ዓይን ይጠረጥራል። የታንኳውን ሌየር በኮንትሮል እና ጄ አባዙ፣ ወደ ታች ገልብጡ፣ ከዋናው በታች አድርጉ፣ ኦፓሲቲውን ወደ 35 ከመቶ አውርዱ። ጋውሲያን ብለር (ማደብዘዣ) 2 ፒክስል ያህል ስጡ፣ ከዚያ ፊልተር፣ ዲስቶርት፣ ሪፕል፣ ትንሽ። ከታንኳው እየራቀ ሲሄድ በማስክ አጥፉት። ነጸብራቁ ከታንኳው ሥር ካልጀመረ፣ በመሐል ክፍተት ካለ፣ ታንኳው በአየር ላይ ነው ማለት ነው። ነጸብራቁን ወደ ላይ ግፉት።

መ. ሞገድ። ከታንኳው ፎቶ ውስጥ በዙሪያው ያለውን ውሃ ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡ። ቀለሙን ሙሉ በሙሉ አውጡ። ከዚያ በሌቭልስ (የጥቁርና የነጭ ማስተካከያ) ጥቁሩን ተንሸራታች ወደ ቀኝ ግፉ፣ ጸጥ ያለው ውሃ ጥቁር ሆኖ የሞገዱ አብረቅራቂ ጫፍ ብቻ እስኪቀር። ሞዱን ስክሪን አድርጉት። ስክሪን ጥቁሩን ሁሉ ይሰውረዋል፤ ሞገዱ ቡናው ላይ ይቀራል። ጠርዙን በለስላሳ ማስክ አጥፉ። ውሃው ተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄድ ከመሰለ ይህን ተዉትና በስንደዶ ያነሳችሁትን የቀለበት ፎቶ በዚሁ ዘዴ ጨምሩ።

## ደረጃ 10፦ ብርሃንና ቀለም አስማሙ

ሁለቱን አንድ ላይ አትሥሩ። መጀመሪያ ብርሃን፣ ቀጥሎ ቀለም።

1. ከሁሉም በላይ ብላክ ኤንድ ዋይት የሚባለውን አድጀስትመንት ሌየር (ከሥሩ ያለውን ሳያበላሽ የሚያስተካክል) ክፈቱ። ምስሉ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። አሁን ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩ።
2. የታንኳው ጥቁር ከሲኒው ጥቁር ይነጣ ይሆናል። ለታንኳው ብቻ ክሊፕ የሆነ ከርቭስ (ብርሃንና ቀለም በመስመር የሚስተካከልበት) ጨምሩ፣ ጥቁሩን ወደ ታች ሳቡ።
3. ጥቁርና ነጩ ሲስማማ ያንን ሌየር አጥፉ። ቀለሙን በከርቭስ ሰማያዊና ቀይ ቻናል አስተካክሉ። የሐይቅ ፎቶ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ይበዛበታል፤ ሰማያዊውን ትንሽ ዝቅ፣ ቀዩን ትንሽ ከፍ።
4. አዲስ ክሊፕ ሌየር፣ ሞዱ ሶፍት ላይት፣ የብሩሹ ፍሎው (የሚያወጣው ቀለም መጠን) 10 ከመቶ። በታንኳው ሆድ ላይ የቡናውን ቡናማ፣ በሲኒው ነጭ ግድግዳ በኩል ባለው ጎኑ ደግሞ ነጭ ነካ ነካ አድርጉ። በቅርብ ያለ ዕቃ ቀለሙን ያጋባል። የቀዛፊውን አገጭና ክንድ አትርሱ።

## ደረጃ 11፦ ጭሱን ደመና አድርጉ

የእጣኑን ፎቶ አስገቡ፣ ስክሪን። ጥቁሩ ጨርቅ ይጠፋል። ግራጫ ጭጋግ ከቀረ በሌቭልስ ጥቁሩን ግፉ።

ለደመናው ሰማያዊ ሰማይ ላይ ያለ ነጭ ደመና ከመስኮት አንሱ። ብላክ ኤንድ ዋይት ክሊፕ አድርጉበት፣ ሰማያዊና ሳያን የሚሉትን ተንሸራታቾች እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ውሰዱ። ሰማዩ ይጠቁራል፣ ደመናው ነጭ ይቀራል። ደመናውንና ብላክ ኤንድ ዋይቱን በአንድ ግሩፕ አስገብታችሁ የግሩፑን ሞድ ስክሪን አድርጉት። ጭሱ ከቡናው ተነስቶ ደመናው ውስጥ እንዲገባ መገናኛውን በማስክ አለስልሱ።

## ደረጃ 12፦ አንድ ዓይነት ቆዳ አልብሱት

አዲስ ሌየር ከላይ፣ በ50 ከመቶ ግራጫ ሙሉት፣ ሞዱ ኦቨርሌይ። ከዚያ ፊልተር፣ ኖይዝ፣ አድ ኖይዝ፣ 3 ከመቶ ያህል፣ ሞኖክሮማቲክ ላይ ምልክት አድርጉ። ከሁለት ካሜራ የመጡ ፎቶዎች የጥራጥሬ ልዩነታቸው በዚህ ይሸፈናል። መጀመሪያ በስልካችሁ ሳታዩት አታብዙት።

አሁን ሸራውን ወደ ጎን ገልብጡና እዩት። ዓይናችሁ የለመደው ስሕተት ድንገት ይታያችኋል። አሳንሳችሁ እንደ ቴምብር አድርጋችሁም እዩት። ከዚያ ተነሱ፣ እስከ ነገ ጠዋት አትክፈቱት።

## አሁንም ካልሆነ

ታንኳው ይንሳፈፋል፣ ግን መጫወቻ ይመስላል። የሲኒው ጀርባ በጣም ደብዝዞ፣ ታንኳው በጣም ስል ሆኖ ይሆናል። ታንኳውን በግማሽ ፒክስል ብለር አለስልሱ።

ሁሉም ልክ ነው፣ ግን የሆነ ነገር ይጎረብጣል። ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ የከፍታ ችግር ነው። በመጽሐፍ እየደረባችሁ ካነሳችኋቸው የሲኒ ፎቶዎች ሌላውን ሞክሩ። ደረጃ 9ን እንደገና ከመሥራት ይፈጥናል።

ኮምፒውተሩ ይንገዳገዳል። የብራውዘር ታቦችን ዝጉ። የማያስፈልጉ ሌየሮችን ሰርዙ። መሞከሪያውን በ2000 ፒክስል ሠርታችሁ ትልቁን መጨረሻ ላይ ሥሩ።

## ማስቀመጥና ማተም

ዋናውን ከነሌየሩ ፒኤስዲ አድርጋችሁ ያዙ። ለማኅበራዊ ሚዲያ ጄፔግ፣ የቀለም ዓይነቱ ኤስአርጂቢ፣ ረጅሙ ጎን 2048 ፒክስል ይበቃል።

ለሕትመት ግን 30 በ20 ሳንቲሜትር የሆነ ፎቶ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚታተም ነጥብ) 3543 በ2362 ፒክስል ይፈልጋል። በወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ከስክሪኑ ይጠቁራል፤ ስክሪን ራሱ ያበራል፣ ወረቀት አያበራም። እኔ አንድ ጊዜ ሳልሞክር ትልቅ አሳትሜ ቡናው፣ ታንኳውና የቀዛፊው እግር አንድ ጥቁር ነገር ሆነው መጡ። ገንዘቡም ሄደ። ታንኳውና የሲኒው ከንፈር ያለበትን ቦታ በመዳፍ ስፋት ቆርጣችሁ፣ አንዱን እንዳለ፣ አንዱን ትንሽ አብርታችሁ፣ አንዱን የበለጠ አብርታችሁ ሦስት ቁራጭ በአንድ ወረቀት አሳትሙ። ወረቀቱን ይዛችሁ ደጅ ውጡ፣ በቀን ብርሃን እዩት፣ የቀዛፊው እግር የሚታይበትን ምረጡ።